ለማእድ ቤት የሚሆን ማቡኪያና መፍጫ ማሽን ስለ መምረጥ



ማሽን ማለት አንዱን ዓይነት ኀይል ወደ ሌላ ዓይነት ኀይል ለውጦ የሰውን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ መሆኑን በፊዚክስ ትምህርት ተምረናል። ነገር ግን ማሽን በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው የፋብሪካውን፣ የመኪናውንና የወፍጮ ቤቱን ሞተር ነው እንጂ ማእድ ቤት ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ሞተር አይደለም። ይህ ትንሽ ሞተር ግን ዛሬ በአዲስ አበባ በብዙ ሱቆች ይሸጣል። ሊጥ ያቦካል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሥጋ ይፈጫል፣ ጭማቂ ይጨምቃል፣ ቅመም ያደቅቃል እየተባለ ይመሰገናል። ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ሥራ ይሠራል?» እና «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ከነዚህ ከሁለቱ ጥያቄዎች የሚቀድም ሌላ ጥያቄ መኖሩን ነው። ይኸውም «የኛ ማእድ ቤት ምን ሥራ ይሠራል? በሳምንትስ ስንት ጊዜ ይሠራዋል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ገበያ የወጣ ሰው የሚገዛው የራሱን ፍላጎት ሳይሆን የሻጩን ምስጋና ነው።

ለጥናቱ ምክንያት የሆነኝም ነገር ይህ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ የእቁብ ዕጣ ደረሳቸው። የዳቦ ሊጥ ባሹ ቍጥር የቀኝ ትከሻቸውን ስለሚያማቸውና ሐኪምም ከባድ የእጅ ሥራ እንዲቀንሱ ስለ መከራቸው በገንዘቡ ማሽን ለመግዛት አሰቡ። የእቁብ ገንዘብ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ስለ ሆነ አንዴ ከወጣ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ አጥንቼ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ። የደረስሁበትን ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅማል በማለት ከዚህ ቀጥሎ በተራ በተራ እገልጻለሁ።

1. ማሽኖቹ ከየት መጡ?

ሊጥ የሚያቦካው ማሽን መጀመሪያ የተሠራው ለዳቦ ቤት እንጂ ለቤት አልነበረም። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ሆባርት በሚባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረ ኸርበርት ጆንስተን የተባለ መሐንዲስ ትልቅ የዳቦ ቤት ማቡኪያ ሠራ። ከዚያም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1919 ኪችንኤይድ የሚል ስም ያለው አነስ ያለ ማሽን ለቤት እመቤቶች አወጣ። አነስ ያለ ቢባልም ክብደቱ 65 ፓውንድ ማለት 29 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ነበረ። ዋጋውም 189 ዶላር ከ50 ሳንቲም ስለ ነበረ በጊዜው ሊገዛው የሚችል ሰው ጥቂት ነበረ።

ብሌንደር የምንለው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ስቲፈን ፖፕላውስኪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 በብርጭቆ ሥር የሚሽከረከር ምላጭ አድርጎ የሠራው ለመጠጥ ቤት ነው፤ ወተትና ዱቄት ለመበጥበጥ ነበረ። በእንግሊዝ አገር ኬኔት ውድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950 ኬንውድ ሼፍ የሚባለውን ማሽን ለሕዝብ አሳየ። በዚህ ማሽን ላይ ሊጥ ማቡኪያው፣ መፍጫውና መክተፊያው በአንድ ሞተር ላይ እየተፈራረቁ የሚገጠሙ ሆኑ። በፈረንሳይ አገር ፒየር ቨርደን ለምግብ ቤቶች የሠራው መክተፊያ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1971 ማጂሚክስ ተብሎ ለቤት ወጣ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ማቡኪያው ለሊጥ፣ ብሌንደሩ ለመጠጥ፣ መክተፊያው ለአትክልትና ለሥጋ ተብለው በየራሳቸው የተወለዱ ናቸው። ዛሬ በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢሸጡም ባሕርያቸው አልተቀላቀለም።

2. የባሕርያቸው ልዩነት

ብሌንደር፤ ምላጩ ትንሽ፣ ፍጥነቱ እጅግ ብዙ ነው፤ በደቂቃ ከ10000 ዙር በላይ ይዞራል። የሚሠራው ግን ፈሳሽ ሲኖር ነው። ፈሳሹ እየተሽከረከረ ምግቡን ወደ ምላጩ ይጎትተዋል። ፈሳሽ ከሌለ ምላጩ አየር ይመታል፤ ምግቡም በላዩ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ለጭማቂና ለሱፍ ይሆናል፤ ለሊጥ ግን አይሆንም።

መክተፊያ ማሽን፤ ሰፊ ሳሕን፣ ረዘም ያለ ጥምዝ ምላጭ አለው። ዙሩ ከብሌንደር እጅግ ያነሰ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው፤ የምላጩ ጫፍ የሚሠራው ክብ ስፋቱ 16 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሩም በደቂቃ 1500 ቢሆን ጫፉ በአንድ ዙር ግማሽ ሜትር ያህል ይሄዳል። በሴኮንድ 25 ዙር ስለ ሆነ በሴኮንድ 12 ሜትር ተኩል ያህል፣ ማለት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በከተማ መንገድ ላይ እንደሚሄድ መኪና ማለት ነው። ስለዚህ ምላጩ ፈጽሞ ሳይቆም ጣት ወይም ማንኪያ ማስገባት አይገባም።

ሊጥ ማቡኪያ ማሽን፤ ይህ ዝግተኛና ጉልበተኛ ነው። ጎድጓዳው ሳሕን ይቆማል፤ መንጠቆው በራሱ ዛቢያ ላይ እየዞረ ሳሕኑንም ይዞረዋል። ምድር በራሷ ዛቢያ እየዞረች ፀሐይን እንደምትዞር በጂኦግራፊ የተማርነው ዓይነት ዑደት ነው። በዚህ ምክንያት መንጠቆው ያልነካው የሳሕኑ ክፍል አይኖርም።

በእጅ የሚያዝ መምቻ፤ ለእንቁላልና ለኬክ ይበቃል። ለድፎ ዳቦ ሊጥ ግን ሞተሩ ትንሽ ስለ ሆነ ይግላል፤ ቶሎም ይቃጠላል።

3. የቤታችን የሥራ መዝገብ

ባሕርያቸውን ካወቅሁ በኋላ ደብተር ከፍቼ ለ4 ሳምንት የማእድ ቤታችንን ሥራ መዘገብሁ። ሁለቱ ሳምንት ከዐቢይ ጾም በፊት፣ ሁለቱ ደግሞ ጾሙ ከገባ በኋላ ነበሩ። ይህንም ያደረግሁት የፍስክና የጾም ማእድ ቤት ሥራ አንድ ስላልሆነ ነው። ቤተ ሰባችን 6 ነን። በእጅ ስንሠራ የፈጀብን ጊዜ እንደሚከተለው ነው።

ሽንኩርት መላጥና መክተፍ፤ 22 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 18 ደቂቃ፤ ድምሩ 396 ደቂቃ።
የዳቦ ሊጥ ማሸት፤ 6 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 35 ደቂቃ፤ ድምሩ 210 ደቂቃ።
የጤፍ ቡኮ ማቡካት፤ 9 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 20 ደቂቃ፤ ድምሩ 180 ደቂቃ።
ሱፍና ተልባ መውቀጥና ማጥለል፤ 4 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 30 ደቂቃ፤ ድምሩ 120 ደቂቃ።
ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በሙቀጫ መውቀጥ፤ 9 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ 12 ደቂቃ፤ ድምሩ 108 ደቂቃ።

ጠቅላላው 1014 ደቂቃ፣ ማለት ወደ 17 ሰዓት የሚጠጋ ነው። ጭማቂ የተጨመቀው 2 ጊዜ፣ ኬክ የተጋገረው 1 ጊዜ፣ ሥጋ መፍጨት ያስፈለገውም 1 ጊዜ ብቻ ነበረ። በየሱቁ ከሁሉ በፊት የሚያሳዩን ግን እነዚህኑ ሦስቱን ነው።

ከጊዜው ሌላ ድካሙንም ለየሁ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሽንኩርት ነው፤ የእናቴን ትከሻ የሚጎዳው ግን የዳቦው ሊጥ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ሥራና ጉልበት የሚጨርሰው ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተረዳሁ። ምርጫውንም የወሰነው ይህ ነው።

4. ስለ ሊጥና ስለ ማቡኪያው ጉልበት

የስንዴ ዱቄት ውኃ ሲነካው በውስጡ ያሉት ሁለት ፕሮቲኖች ተያይዘው ግሉተን የሚባለውን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነገር ይሠራሉ። ማሸት የሚያስፈልገው ይህ መረብ እንዲጠነክርና እርሾው የሚያወጣውን ጋዝ እንዲይዝ ነው። ሊጡ መድረሱን ለማወቅ ትንሽ ቆንጥረን በጣታችን ብንለጥጠው ሳይበጠስ እንደ ስስ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል። በእጅ 20 ደቂቃ የሚያሻው ማሸት በጥሩ ማሽን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጤፍ ግን ግሉተን የለውም። የጤፍ ቡኮ የሚቦካው ዱቄቱና ውኃው ጓል ሳይኖረው እንዲዋሐድ ነው እንጂ እንዲለጠጥ አይደለም። ደግሞም በኛ ቤት በአንድ ጊዜ የሚቦካው የጤፍ ዱቄት 4 ኪሎ ግራም ነው፤ የቤት ማሽን ሳሕን ይህን አይችለውም። «እንጀራም ያቦካል» ተብሎ ቢነገራችሁ «ስንት ኪሎ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በበኩሌ የጤፉን ቡኮ ለእጅና ለቡሃቃ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋቱ እንምጣ። በማሽኑ ላይ የተጻፈው ዋት ሞተሩ ከመስመር የሚስበው ኀይል ነው እንጂ ሊጡ ላይ የሚያውለው ጉልበት አይደለም። ከተሳበው ኀይል ከፊሉ ሙቀትና ጩኸት ሆኖ ይጠፋል፤ የቀረው በጥርሶቹ አማካይነት ወደ መንጠቆው ይደርሳል። ስለዚህ 300 ዋት የሚስብ በደንብ የተሠራ ማሽን 1000 ዋት ከተጻፈበት ደካማ ማሽን የተሻለ ሊያሽ ይችላል። ከዋቱ ይልቅ መጠየቅ የሚገባን ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ስንት ኪሎ ዱቄት ይችላል? የሳሕኑ ሊትር እስከ ከንፈሩ የሚለካ ስለ ሆነ ያሳስታል። 5 ሊትር የሚል ሳሕን የሚያሸው ዱቄት 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። እርሱም ከ600 ግራም ያህል ውኃ ጋር ሲሆን 1 ኪሎ ከ600 ግራም ሊጥ ይሆናል። የበዓል ድፎ ዳቦ 2 ኪሎ ዱቄት ከሆነ በሁለት ጊዜ ማሸት ነው፤ ይህም ችግር የለውም።

ሁለተኛ፤ ጥርሱ ከምን የተሠራ ነው? ብረት ከሆነ ይበረታል። አንዳንዱ ማሽን ሊጡ ሲከብድ ሞተሩ እንዳይቃጠል ሆን ተብሎ አንዱ ጥርስ ደካማ ይደረግበታል። እንዲህ ያለው ጥርስ መለዋወጫው በገበያ የሚገኝ ከሆነ ነውር አይደለም፤ የማይገኝ ከሆነ ግን ጥርሱ በተሰበረ ዕለት ማሽኑ ዕቃ ቤት ይገባል።

ሦስተኛ፤ ሳያርፍ ስንት ደቂቃ ይሠራል? በብዙ ማሽኖች ሆድ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ኬ እና ቢ የተባሉት ሁለቱ የላቲን ፊደላት ከነደቂቃው ተጽፈው ይገኛሉ። ትርጓሜው ሳያቋርጥ የሚሠራበት ልክ ነው። 5 ደቂቃ የሚል ከሆነ ሊጡን 5 ደቂቃ አሽቶ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አሳርፎ፣ እንደገና 5 ደቂቃ ማሸት ነው። 1 ደቂቃ የሚል ግን የዳቦ ሊጥ ማሽን አይደለም፤ ምንም ያህል መንጠቆ ቢጨመርለት።

5. ስለ ኤሌክትሪኩ

የአገራችን የኤሌክትሪክ ግፊት 220 ቮልት፣ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ማሽን ይዞ ሲመጣ ደስታው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሶኬት ውስጥ ከመሰካቱ በፊት የሆዱን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። ለ120 ቮልት የተሠራ ዕቃ 220 ላይ ቢሰካ ግፊቱ ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል። ሙቀት የሚያድገው ግን በግፊቱ ካሬ ልክ ስለ ሆነ በተራ ሬዚስታንስ ሒሳብ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ በጥቂት ጊዜም ውስጥ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢገዛለት ይሠራል፤ ይሁንና ትራንስፎርመሩ ከማሽኑ ዋት የበለጠ አቅም ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ ለ300 ዋት ማሽን 500 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ይሻላል፤ ሞተር ሲነሣ ከተለመደው የበለጠ ስለሚስብ ነው። የትራንስፎርመሩም ዋጋ ከስጦታው ላይ መታሰብ አለበት።

ቆጣሪውን ለሚፈሩ ወላጆች ደግሞ የሚከተለውን ሒሳብ አቀርባለሁ። 800 ዋት የሚስብ ማሽን 10 ደቂቃ ቢሠራ የሚፈጀው 0.13 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3000 ዋት በላይ ይስባል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሊጥ ማሸት ከ3 ደቂቃ የምጣድ ሥራ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ምጣዱንና ማሽኑን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ማሠራት ሽቦውን ስለሚያግል አደገኛ ነው።

የማሽኑ አካል ብረት ከሆነ መሬት የሚነካ ሽቦ ያለው ሶኬት ያስፈልገዋል። በጽሑፉ ላይ በካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ ተሥሎ ከተገኘ ግን ድርብ መከላከያ ያለው ስለ ሆነ ያለዚያም ሽቦ ይሠራል።

6. ስለ ሽንኩርት

የኛ ወጥ መሠረቱ ቁሌት ነው። ለቁሌት የሚሆን ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል እንጂ ውኃ አይሆንም። ብሌንደር ውስጥ የገባ ሽንኩርት አረፋና ጭማቂ ይሆናል። ድስት ላይ ሲጣድ ውኃው እስኪመጥ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ሽታውም ይከፋል፤ ምክንያቱም የሽንኩርቱ ሕዋሳት በብዛት ሲፈርሱ ዐይን የሚያስለቅሰውና አፍ የሚያቃጥለው ቅመም በብዛት ስለሚወጣ ነው። መክተፊያ ማሽን ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚለቀቅ ሳይሆን አንድ አንድ ሴኮንድ እየነኩ የሚሠራበት ነው።

የጊዜው ሒሳብ ግን አስገረመኝ። ከ18 ደቂቃው ውስጥ መላጡ ብቻ 7 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሽንኩርት የሚልጥ የቤት ማሽን ደግሞ በየሱቁ አላየሁም። የቀረው 11 ደቂቃ መክተፉ ነው። በትልቁ ማሽን መክተፉ ወደ 2 ደቂቃ ቢወርድም ሳሕኑን፣ ክዳኑንና ምላጩን ማጠብ ሌላ 5 ደቂቃ ይጨምራል። ማሽን በሚገዛበት ጊዜ የሚያጥበውን ሰው ጊዜ የማይቈጥር ሰው ሒሳቡ ጎደሎ ነው።

ስለዚህ በመርካቶ ያየሁትን በገመድ እየተሳበ የሚከትፍ የእጅ መክተፊያ መረመርሁ። ሦስት ምላጭ ያለው ትንሽ ሳሕን ነው። ገመዱ 15 ጊዜ ያህል ሲሳብ ሽንኩርቱ ለቁሌት ይደቅቃል፤ መታጠቡም 2 ደቂቃ አይፈጅም። ዋጋው ከትልቁ ማሽን ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። መብራት በጠፋ ጊዜም ይሠራል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሥራችን ከሁሉ በረከሰው ዕቃ መቃለሉ ከዚህ ጥናት ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ነው።

7. ስለ ጾምና ስለ ፍስክ

በብዙ የክርስቲያን ቤት የጾምና የፍስክ ዕቃ ለየብቻ ነው። ማሽን ሲገዛ ግን ይህ ነገር ይረሳል። ቅቤ፣ ሥጋና እንቁላል የነካው ፕላስቲክ ሽታውን ይይዛል፤ በርበሬም ቀለሙን ይተውበታል። ስለዚህ ሳሕኑ ዝገት የማይዘው ብረት፣ የብሌንደሩም ዕቃ ብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ ሳሕን ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን መጠየቅም ያስፈልጋል።

በጾም ወራት ብሌንደሩ ሙያ ያገኛል። የታመሰውን ሱፍ ከውኃ ጋር ፈጭቶ በወንፊት ማጥለል በሙቀጫ ከመውቀጥ እጅግ ይቀላል። ተልባ ግን ደረቅ ስለሚፈጭ ትንሽዋን የደረቅ መፍጫ ይፈልጋል። ይህች መፍጫ ለኮረሪማ፣ ለጥቁር አዝሙድና ለቡና ትሆናለች፤ የምትይዘው ግን በግራም እንጂ በኪሎ አይደለም። የዓመቱን በርበሬና ሽሮ በርሷ እፈጫለሁ ማለት ሞተሩን ማቃጠል ነው፤ እርሱ የወፍጮ ቤት ሥራ ነው።

8. ሱቅ ስንሄድ

መዝገቡን ይዤ ከአባቴ ጋር ወደ ገበያ በሄድሁ ጊዜ ሦስት ምርጫ ቀረበልን። አንዱ 10 ዕቃ ያለው፣ መሠረቱ ግን መክተፊያ የሆነ ማሽን ነበረ። የሊጥ ምላጩ ፕላስቲክ ሲሆን ሥሩ ያለው ጽሑፍ 1 ደቂቃ ብቻ ይላል። ሁለተኛው ማቡኪያ፣ ብሌንደር፣ ሥጋ መፍጫና አትክልት መክተፊያ ያለው ውድ ማሽን ነበረ። ሦስተኛው 5 ሊትር ሳሕን ያለው ማቡኪያ ሆኖ የብርጭቆ ብሌንደርና ትንሽ የደረቅ መፍጫ ብቻ ያለው ነበረ። የመጀመሪያው የትከሻውን ሥራ አይሠራም። የሁለተኛው ትርፍ ዋጋ በ4 ሳምንት አንድ ጊዜ ለምንሠራው ሥራ የሚከፈል ስለ ሆነ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል። ሦስተኛውን ከገመዱ መክተፊያ ጋር ገዛን፤ ከእቁቡም ገንዘብ ተረፈ።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅማል።

ሀ/ ማሽኑን ባዶውን አስነሥቶ በየፍጥነቱ ማዳመጥ። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ጩኸቱ የጎረቤትን እንቅልፍ እንደሚነካ ያስብ።
ለ/ ከባድና እግሩ ጎማ ያለው መሆኑን ማየት። ቀላል ማሽን ሊጥ ሲከብደው በጠረጴዛው ላይ ይሄዳል።
ሐ/ መንጠቆው የሳሕኑን ሥር ሳይነካ የሚቀርብ መሆኑን መመልከት።
መ/ ካርቦኑ፣ ቺንጋውና ጥርሱ መለዋወጫ እንዳላቸው መጠየቅ። የዋስትናውን ወረቀት ማኅተም አስደርጎ መያዝ።
ሠ/ ሁሉን አውልቆ መልሶ መግጠም። በሱቅ ያስቸገረ ማሽን በቤት አይነካም።
ረ/ ማሽኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ በሜትር ለክቶ መሄድ። ከቁም ሣጥን ላይ እየወረደና እየወጣ የሚሠራ ከባድ ማሽን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳይወርድ ይቀራል።

9. ውጤቱና መደምደሚያው

ከገዛን በኋላ እንደገና ለ4 ሳምንት መዘገብሁ። ማጠቡንም ጨምሮ ሽንኩርት 20 ጊዜ በ11 ደቂቃ፣ 220 ደቂቃ ሆነ። የዳቦ ሊጥ 6 ጊዜ በ14 ደቂቃ፣ 84 ደቂቃ ሆነ፤ ይኸውም ማሽኑ ሲያሽ ሰው ሌላ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ሱፍና ተልባ 4 ጊዜ በ15 ደቂቃ፣ 60 ደቂቃ ሆነ። የጤፉ ቡኮና የነጭ ሽንኩርቱ ሙቀጫ በፊት እንደ ነበሩ 180 እና 108 ደቂቃ ቀሩ፤ እናቴ በሙቀጫ የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርት ጣዕሙን ይመርጡታልና። ጠቅላላው 652 ደቂቃ ሲሆን የዳነው 362 ደቂቃ፣ ማለት 6 ሰዓት ነው። ከ17 ሰዓት ውስጥ 6ቱ ብቻ ነው የዳነው። ማሽን ሥራን ያቃልላል እንጂ አያጠፋም፤ ሥራ ሁሉ ይቀራል ብሎ የሚሸጥ ሻጭም እውነቱን አይናገርም።

የሆነ ሆኖ 6 ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ አሁን ዳቦ ከጋገሩ በኋላ ትከሻቸውን በትኩስ ፎጣ አያስታጥኑም። እኔም በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ለሒሳብ ደብተሬ አገኘሁ። በብዙ ቤት ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሱ ሽንኩርት የሚከትፉት እኅቶች ናቸው፤ በዚያው ሰዓት ወንድሞች ያጠናሉ ወይም ኳስ ይጫወታሉ። ማሽን ሥራውን ያሳጥራል፤ ሥራውን የሚያካፍለው ግን ሰው ነው። በቤታችን ማሽኑን የማጠብና ገመዱን የመሳብ ሥራ የታናሽ ወንድሜ ሆኗል፤ ከዳነውም ጊዜ ላይ ይህ የተጨመረ ትርፍ ነው።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፤ ወላጆቻችሁ ለማእድ ቤት ማሽን ለመግዛት ባሰቡ ጊዜ ከሱቁ በፊት ደብተር ክፈቱ። የሚሠራውን ሥራ፣ የሚሠራበትን ጊዜና የሚሠራውን ሰው ስም ጻፉ። በዚያ ደብተር ላይ መጀመሪያ የምታዩት የትኛው ማሽን እንደሚገዛ ሳይሆን በቤታችሁ ማን እንደሚደክም ይሆናል። ማሽኑ የሚመረጠው ለዚያ ሰው ነው።